የጀግናው ቁመት፣ የጠንቋይዋ ጉብጠት፦ ከታዳጊዎች ጋር ፋንታሲ እያነበቡ ስለ አካል መነጋገር

በፋንታሲ ልብ ወለድ ውስጥ አካል ባለበት አይረጋም። ይረዝማል፣ ይኮማተራል፣ ጅብ ይሆናል፣ ክንፍ ያበቅላል፣ በአንድ ድግምት ይፈወሳል። የአሥራ ሦስት ዓመቱ አንባቢም እንዲሁ ነው። ድምፁ ይጎረንናል፣ ፊቱ ብጉር ያወጣል፣ ዓምና የተገዛለት ሱሪ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ይቀራል። ታዳጊዎች በቴሌግራም የደረሳቸውን የስምንት መቶ ገጽ ፒዲኤፍ በስልክ እስከ እኩለ ሌሊት የሚያነቡት በአስማቱ ብቻ ተስበው አይመስለንም። ጣጣው መጽሐፉ የትኛው አካል ጀግና፣ የትኛው መሳቂያ፣ የትኛው ክፉ እንደሚሆን ሳይናገር አስተምሮ ማለፉ ነው።

ይህ መመሪያ ለቋንቋ መምህራን፣ ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች፣ ለትምህርት ቤት ክበብ አስተባባሪዎች እና ልጃቸው የሚያነበውን አብረው ማንበብ ለሚፈልጉ ወላጆች ነው። ሁሉም ነገር በአንድ ሕግ ላይ ተንጠልጥሏል፦ የሚወራው ስለ ገጸ ባሕርዩ አካል እንጂ ክፍሉ ውስጥ ስላለ ሰው አካል አይደለም። ልጅቱ ስለ ራሷ እግር አንድ ቃል አትተነፍስም፤ ስለ ንግሥቲቱ እግር ግን ግማሽ ሰዓት ትከራከራለች። ምናልባት የምታወራው ስለ ራሷ ነው። ቢገባዎትም አይጠይቋት።

ቡድኑ፣ ሰዓቱ፣ ጠረጴዛው

ከ8 እስከ 12 ልጅ ይበቃል። ከ6 ካነሱ ዝምታው ይከብዳል፤ ከ15 ከበለጡ ሁለት ጎበዝ ተናጋሪዎች ሰዓቱን ይጨርሱታል። ዕድሜያቸው ከሦስት ዓመት በላይ አይራራቅ። የሴቶች ጉርምስና አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 13 ዓመት ባለው ጊዜ ይጀምራል፣ የወንዶች ደግሞ ከ9 እስከ 14። በቁመት የሚመዘዙበት ወቅትም ሁለት ዓመት ያህል ይለያያል። ስለዚህ ሰባተኛ ክፍል ላይ ብዙ ሴቶች ከወንዶቹ ረዝመው ይታያሉ፤ እሷ በመርዘሟ፣ እሱ በማጠሩ ያፍራሉ። ይህን የሚያውቅ አስተባባሪ ስለ ግዙፎችና ስለ ድንኮች የሚያወራ ምንባብ ሲያመጣ ማን አንገቱን እንደሚደፋ አስቀድሞ ይገምታል።

አንዱ ስብሰባ 75 ደቂቃ ይሁን፦ 10 ደቂቃ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ፣ 15 ደቂቃ በእስክሪብቶ እያሰመሩ መቁጠር፣ 30 ደቂቃ ውይይት፣ 15 ደቂቃ መጻፍ፣ 5 ደቂቃ መሰነባበቻ። ያለዎት የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ብቻ ከሆነ ንባቡን የቤት ሥራ ያድርጉት፣ ጽሑፉን ለሚቀጥለው ሳምንት ያሳድሩት፤ ውይይቱን ግን አይሸራርፉት። ስድስት ሳምንት ጥሩ ልክ ነው።

ወንበሩን ክብ ሲያደርጉ ጠረጴዛውን አያውጡ። ባዶ ክብ ውስጥ የተቀመጠ ታዳጊ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ይታያል፤ ስለ አካል በሚወራበት ሰዓት ደግሞ እጁን የሚያስቀምጥበት፣ ሆዱን የሚከልልበት ነገር ይፈልጋል። ቦርሳ ጭን ላይ ማቀፍንም አይከልክሉ።

ሕጎቹ ሦስት ብቻ ይሁኑና በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳ ላይ ይጻፉ። አንደኛ፣ ገጸ ባሕርይን ክፍሉ ውስጥ ካለ ሰው ጋር ማመሳሰል የለም፤ «ልክ እንደ እገሌ» የሚል ዐረፍተ ነገር እዚያው ይቋረጣል። ሁለተኛ፣ «ልለፍ» ያለ ሰው ለምን አይባልም። ሦስተኛ፣ እዚህ የተወራ እዚሁ ይቀራል፤ የሰው ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ላይ ከሆነ ግን አስተባባሪው ለሚረዳ አዋቂ ይናገራል። ይህን «ግን» ከመጀመሪያው ካልተናገሩ በኋላ ምሥጢር አወጡ ተብለው አመኔታዎን ያጣሉ።

ምንባቡን መምረጥ

ሙሉ መጽሐፍ አያስፈልግም፤ ሁለት ገጽ ይበቃል። በሁለቱ ገጽ ውስጥ ቢያንስ ሁለት የተለያዩ አካላት ይኑሩ፣ አንዱ ላይም የሆነ ነገር ይድረስ፦ ይለወጥ፣ ይሳቅበት፣ ይወደስ፣ ይፈወስ። ኪሎ፣ የወገብ ልክ፣ ሰውነትን የማስራብ ወይም የማስመለስ ዘዴ በዝርዝር ያለበትን ገጽ ይዝለሉት፤ ደራሲው ለማውገዝ የጻፈው ቢሆንም። ደህና ለሆነው ልጅ ማስጠንቀቂያ የሆነው ዝርዝር ቀድሞ ለተጨነቀችው ልጅ መመሪያ ይሆናታል፣ ከቁጥሩም ጋር ትፎካከራለች።

ብዙ አዋቂዎች እዚህ ላይ ከሁለት አንዱን ይመርጣሉ፤ ወይ መጽሐፉን ይከለክላሉ፣ ወይ ክፉ ክፉውን ቃል ይሰርዛሉ። የመሰረዙን ውጤት በ2023 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) አይተነዋል። የሮአልድ ዳልን የልጆች መጻሕፍት የሚያሳትመው ፓፊን አንዳንድ ቃላትን ለውጦ ነበር። በ1964 እ.ኤ.አ. በወጣው የቸኮሌት ፋብሪካ ታሪክ ውስጥ ያለውን አውጉስተስ ግሉፕን «ወፍራም» የሚለው ቃል «ግዙፍ» በሚል ተተካ። ክርክሩ ሲጋጋል አሳታሚው የድሮውንም ቅጂ ጎን ለጎን እንደሚያትም አስታወቀ። ሆኖም በአዲሱም በድሮውም ቅጂ ልጁ በሆዳምነቱ ቸኮሌት ወንዝ ውስጥ ይወድቃል፣ በቱቦ ይመጠጣል፣ ይዘፈንበታል። ቃሉ ቢወጣም ቅጣቱ አልወጣም። ለዚህ ነው የሚከተለው ሥራ ቃል ከማደን ይልቅ አካሉ ላይ የደረሰውን የሚቆጥረው።

መጀመሪያ ይቆጠራል

አስተያየት ከመሰጠቱ በፊት እያንዳንዱ ልጅ ወረቀቱን በአራት ዓምድ ይከፍላል። በመጀመሪያው የገጸ ባሕርዩ ስም ይጻፋል። በሁለተኛው ስለ አካሉ የተነገረው ቃል ሁሉ ሳይቀነስ ይሰፍራል። ሦስተኛው ማን እንደተናገረው ነው፦ ተራኪው፣ ሌላ ገጸ ባሕርይ ወይስ እሱ ራሱ? አራተኛው መጨረሻው ምን እንደሆነ ነው፦ ተሾመ፣ ተፈቀረ፣ ሞተ፣ ተሳቀበት፣ ተለወጠ?

ልጆቹ አራተኛውን ቸል ይላሉ፤ ዋናው ግን እሱ ነው። ሦስተኛውም ብዙ ያሳያል። ክፉ ገጸ ባሕርይ ጀግናዋን «አስቀያሚ» ካላት ደራሲው የተናጋሪውን ክፋት እያሳየ ሊሆን ይችላል፤ ያው ቃል ከተራኪው አፍ ሲወጣ ግን የመጽሐፉ ሕግ ይሆናል። ይህን ልዩነት አንዴ የያዘ ልጅ ከዚያ በኋላ ፊልም ሲያይ፣ ቲክቶክ ሲከፍትም አይለቀው።

ቁጥሩ ሲደመር ዝም ብለው ይጠብቁ። ወንዱ ጀግና በሁለት ገጽ ውስጥ አንድ የአካል ቃል፣ ሴቷ ጀግና ዘጠኝ ሲደርሳት ራሳቸው ያዩታል። «አያችሁ፣ ይህ አድልዎ ነው» ብለው ከቀደሟቸው ግን የእርስዎን መልስ ገልብጠው ይሰጡዎታል። ታዳጊ ፈተናን ያውቃል።

ሽፋኑንም ያስቆጥሩ። የወንዱ የብረት ጥሩር ደረቱን ይሸፍናል፤ የሴቷ ግን ብዙ ጊዜ በሁለት ጡት ቅርፅ የተቀጠቀጠ ነው። አንድ ወረቀት በዚያ ቅርፅ አጥፈው ጣትዎን በጦር ፋንታ ቢልኩበት ተንሸራቶ የሚያርፈው መሀል ደረት ላይ ነው። ወንዶቹን ጭምር የሚያስቅ፣ ክርክር የማይፈልግ ማስረጃ ነው።

የቃል መሰላል

እንግሊዝኛ ወይም ዕብራይስጥ የሚያነብ ልጅ፣ አማርኛ የሚያነብ ወላጅ ያለበት ቤት ይህን ክፍል ከሁሉ አስበልጦ ይወደዋል፤ በዋሽንግተንም በቴል አቪቭም ያለ ተጨማሪ መጽሐፍ ይሠራል። በምንባቡ ውስጥ ያለውን አንድ የአካል ቃል ያውጡና አማርኛ የሚሰጠውን ሁሉ ከሚያስከብረው ወደሚያዋርደው ይደርድሩ።

ለሞላ ሰውነት፦ ደርባባ፣ ሞላ ያለች፣ ወፍራም፣ ድብልብል፣ ዱባ። ለቀጭን፦ መለሎ፣ ሸንቃጣ፣ ቀጭን፣ ከሲታ፣ ሲባጎ። የሰውየው ኪሎ በግራም አልተለወጠም፤ የተለወጠው የተናጋሪው ፊት ነው። ከዚያ ይጠይቁ፦ ተርጓሚው ጀግናዋ ስትሆን የትኛውን ይመርጣል፣ የእንጀራ እናቷ ስትሆንስ? ለምን?

ለቆዳ ቀለም መሰላሉ ይበልጥ ያቃጥላል። ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር ስንል ቀለም ብቻ እየቆጠርን እንዳልሆነ ልጆቹ ከእኛ በላይ ያውቃሉ፤ «ከሳሽ፣ ጠቆርሽ» የሚለው የአክስት ሰላምታ ጆሯቸው ውስጥ አለ። እዚህ ላይ የኧርሱላ ለ ጉዊን የ«ኧርዝሲ» ታሪክ ይጠቅማል። በ1968 እ.ኤ.አ. በወጣው የመጀመሪያው መጽሐፍ ጠንቋዩ ጌድ ቀይ ቡናማ ቆዳ ያለው፣ የልብ ጓደኛው ደግሞ ጥቁር ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. ታሪኩ ለአሜሪካ ቴሌቪዥን ሲሠራ ጌድን ነጭ ተዋናይ ተጫወተው፣ ደራሲዋም በጽሑፍ በአደባባይ ተቃወመች። የሚሠራው መልመጃ እንዲህ ነው፦ ቀለሙን የማይጠቅስ አንቀጽ አንብበው ጀግናውን እንዲስሉ ያድርጉ፤ ቀለሙ የተጻፈበትን አንቀጽ የሚያነቡት ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ነው። ሥዕሉን አይሰብስቡ፣ ግድግዳም ላይ አይለጥፉ። ልዩነቱን እያንዳንዱ ለራሱ ይየው።

አንድ የአማርኛ ጣጣ እዚሁ ይነሣ። በውጭ ፋንታሲ ውስጥ ያለውን፣ በተራራ ሥር ብረት የሚቀጠቅጠውን አጭር ሕዝብ «ድንክ» ብለን እንተረጉመዋለን። ያው ቃል ሰፈር ውስጥ አጭር ቁመት ይዞ የተወለደ ጎረቤት ይሰደብበታል። ሌላ ስም ፍለጋው ራሱ ጥሩ የአሥራ አምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ሰኮናው፣ ጅቡ፣ ጡንቻው

አስማታዊ ፈውስ የፋንታሲ ልማድ ነው፤ አካል ጉዳተኛው በመጨረሻው ምዕራፍ ይራመዳል፣ ጠባሳው ይጠፋል። ለዚህ ውይይት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአክሱም አካባቢ በሚነገረው የንግሥተ አዜብ ተረት ልጅቱ ለዘንዶ ከተሰጠች በኋላ ቅዱሳን ዘንዶውን ይገድሉታል፤ የደሙ ጠብታ እግሯ ላይ ወድቆ የአህያ ሰኮና ያደርገዋል። ሕዝቡ ሾማት፣ ኋላም ሰሎሞን ዘንድ ሄዳ ደጁን ስትረግጥ እግሯ ዳነ። ጥያቄዎቹ፦ የተሾመችው በየትኛው እግር ነው? ባይድንላት ኖሮ ታሪኩ ምን ይጎድልበት ነበር? ሰኮና ያላት ንግሥት ምን ዓይነት ጫማ ታሠራለች? የመጨረሻው ቀልድ ቢመስልም ልጆቹን ከ«ምስኪን» ወደ ተራ ኑሮ የሚያወርዳቸው እሱ ነው።

ወደ አውሬ መለወጥ የጉርምስና ምሳሌ ሆኖ ያገለግላል፦ ፀጉር በማይጠበቅበት ቦታ ይበቅላል፣ ድምፅ ይሰነጠቃል፣ ቁጣ ሳይጠራ ይመጣል። ነገር ግን በእኛ አገር የአካል ለውጥ ተረት ንጹሕ ተረት ሆኖ አልቀረም። ሌሊት ጅብ ይሆናል የተባለው ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪው ነው። በ«ቡዳ» ስም ባለ እጆች፣ ቤተ እስራኤልም ጭምር፣ ከጋብቻና ከማዕድ ተገልለዋል። ይህን ምንባብ ሲያመጡ ከልጆቹ የአንዱ አያት እንዲህ ተብለው ሊሆን እንደሚችል ያስቡ፤ በእስራኤል ባለ ቡድን ውስጥማ አይቀሬ ነው። «እናንተ ሰፈር አለ?» ተብሎ አይጠየቅም። የሚጠየቀው፦ የእጅ ሙያ ያለውን ሰው አውሬ ማድረግ ማንን ይጠቅማል? መሬቱ የማን ነበር?

የወር አበባ በፋንታሲ ውስጥ ብዙም አይታይም። በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣው የታሞራ ፒርስ «አላና» እዚህ ላይ ይለያል፤ ወንድ መስላ የፈረሰኛ ሥልጠና የገባችው ልጅ ጡቷን በጨርቅ ታስራለች፣ ደም ስታይ ታምሜያለሁ ብላ ትደነግጣለች፣ የምታስረዳት አንዲት ፈዋሽ ሴት ናት። ወንዶችን አስወጥተው አያንብቡት። ማስወጣቱ ራሱ አሳፋሪ ነው የሚል ትምህርት ነው። በምትኩ ድምፅ አውጥተው የሚያነቡት እርስዎ ይሁኑ፣ ጥያቄ በወረቀት ያለ ስም ይሰብስቡ፣ ሁሉም ወረቀት እንዲያስገባ ያድርጉ፤ ጥያቄ የሌለው ልጅ «የለኝም» ብሎ ይጻፍ። ያኔ ማን እንደጠየቀ አይታወቅም።

ወንዶችስ? በአብዛኛው ተረስተዋል። የሽፋኑ ጀግና ትከሻ ከበር አይገባም። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ግን ቁመቱ ቀድሞ ይሄዳል፣ ጡንቻው ወራት ዘግይቶ ይከተላል፤ በመሀሉ ያለው ቅጥነት በሽታ አይደለም። ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር ማንም አዋቂ ስላልነገራቸው ጂም ቤት የሚሸጥ ዱቄት የሚገዙ አሉ። ጥንካሬው በትከሻ ያልተለካ ወንድ ገጸ ባሕርይ ያለበት ምንባብ ከስድስቱ ቢያንስ በአንዱ ይኑር።

«ወፈር ብለሻል»

አንዳንድ ወላጅ ይህ የፈረንጅ ጭንቀት ነው፣ እኛ ጋ ውፍረት የደስታ ምልክት ነው ይላል። ፊጂ ደሴት ላይም እንዲሁ ነበር፤ ሙሉ ሰውነት የሚወደስበት፣ ብሉ ብሉ የሚባልበት አገር ነው። ቴሌቪዥን በአንድ የፊጂ አውራጃ በ1995 እ.ኤ.አ. ገባ። አን ቤከር የተባለች ሐኪምና አንትሮፖሎጂስት የትምህርት ቤት ልጃገረዶችን ያን ዓመትና ከሦስት ዓመት በኋላ ጠየቀች። ክብደት ለመቀነስ ብለው ራሳቸውን የሚያስመልሱት ከዜሮ ወደ 11.3 በመቶ ወጥተው ነበር። ያ ቴሌቪዥን ነው፣ መጽሐፍ አይደለም፤ ግን የባህል ምርቃት ብቻውን ልጅን እንደማይጋርድ ያሳያል። ደግሞም «ወፈር ብለሻል» የተባለችው ልጅ አክስቷ ማድነቋን ሳይሆን መመዘኗን ነው የምትሰማው።

የመጻፊያው ሰዓት

ስምንት መስመር ይበቃል። ትእዛዙ ጠባብ ይሁን፦ የአንዱን ገጸ ባሕርይ አካል ለውጡ፣ ሌላ ምንም አትንኩ። ጀግናው ይነክስ፣ ክፉው ያማረ ይሁን፣ ንግሥቲቱ ብጉር ይኑራት፣ ድርጊቱ ግን እንዳለ ይሂድ። አንድ ቦታ ላይ ታሪኩ «እምቢ» ይላል፤ ውይይት የሚያሻው እዚያ ላይ ነው። «ስለ ራሳችሁ አካል ጻፉ» የሚል ትእዛዝ በፍጹም አይስጡ፣ «ደብዳቤ ለሰውነቴ» የሚባለውንም ቢሆን። የሚጽፉት ሁለት ዓይነት ነው፤ ወይ ውሸት፣ ወይ ለማንም ማሳየት ያልነበረባቸው እውነት።

የሚበላሽባቸው ቦታዎች

አስተባባሪ ሲጨንቀው «ሁላችሁም ቆንጆ ናችሁ» ይላል። አይሠራም። ሰዓቱን ሙሉ መልክ መለኪያ መሆኑን ሲመረምሩ ቆይተው በመጨረሻ በመልክ ለካቸው።

ቆሎ ወይም ዳቦ ካቀረቡ መሀል ላይ ያስቀምጡና ማን በላ፣ ማን አልበላም የሚለው ላይ ትንፍሽ አይበሉ። ከሁሉ በላይ ግን ራስዎን ይጠብቁ፤ «ኧረ ዳቦ ይቅርብኝ፣ ወፍሬያለሁ» ያለች መምህር የስድስት ሳምንት ሥራ በአንድ ጉርሻ ታፈርሳለች።

ሳቅ ሲነሣ አይቆጡ፤ አብዛኛው ሳቅ እፍረት ነው። «ይህን ቃል ሦስተኛው ዓምድ ላይ ማን ብለን እንጻፈው?» ብለው ወደ ወረቀቱ ይመልሱት። ሳቁ ክፍሉ ውስጥ ወዳለ ልጅ ካነጣጠረ ግን ውይይቱን ወዲያው ያቁሙ፣ ሕግ አንድን ያንብቡ፣ ይቀጥሉ። የተነካውን ልጅ በሰው ፊት አያጽናኑ፤ እፍረቱን እጥፍ ያደርጉበታል።

ወላጅ በጥንቆላ ምክንያት ሊቃወም ይችላል። ሁለቱን ገጽና ጥያቄዎቹን ከሳምንት በፊት ወደ ቤት ይላኩ፤ ያነበበ ወላጅ አብዛኛውን ጊዜ ይረጋጋል። ካልተረጋጋም ልጁ በንግሥተ አዜብ ተረት ይሥራ። መልመጃው ያው ነው።

ከመጽሐፍ በላይ ሲሆን

የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉት ሰባት ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበት ይገምታል፤ በአሥራ ሁለት ልጅ ክብ ውስጥ ቢያንስ አንድ መኖሩ አይገርምም። የሚታዩት ምልክቶች፦ ከምግብ በኋላ ወዲያው መጸዳጃ ቤት መግባት፣ በሙቀት ወፍራም ሹራብ፣ ማዞርና ራስን መሳት፣ የወር አበባ መቋረጥ፣ በጣት መገጣጠሚያ ላይ የማይድን ቁስል፣ ከሰው ጋር አለመብላት።

እኛ ጋ አንድ የሚሸፍን ነገር አለ፤ ጾም። ጾም ራሱ ችግር አይደለም። መመልከት ያለብን ጾሙ ተፈትቶ ከማዕድ የምትሸሸውን፣ ቤተሰቡ ሲያፈጥር ቀድሜ በልቻለሁ የምትለውን፣ ያልታዘዘ ጾም የምትጨምረውን ነው።

ለብቻ፣ በሩ ገርበብ ባለበት ክፍል፣ ያዩትን ብቻ ይናገሩ፦ «ሁለት ሳምንት ሙሉ ምሳ ስትበዪ አላየሁም፣ አሳስቦኛል።» ስለ ኪሎዋ፣ ስለ መክሳቷ አንድ ቃል አይጨምሩ፤ «ከሳሽ» የሚለው ለታመመችው ምስጋና ነው። ከዚያ ከምታምነው አዋቂ ጋር ሆነው ወደ ትምህርት ቤቱ አማካሪና ወደ ጤና ጣቢያ። ራስ መሳት፣ ደም ማስመለስ፣ የልብ ምት መዛባት ወይም ስለ መሞት ማውራት ካለ የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ነው፤ ልጁን ለብቻው አይተዉት። ለተጨነቀ ሰው የሚሆነው የእርዳታ ስልክ በአሜሪካ 988፣ በእስራኤል 1201፣ በብሪታንያ 116 123 ነው፤ ሌት ተቀን ይነሣል።

በሚቀጥለው ሳምንት ልጅቱ ስትመለስ ወንበሯ እዚያው ቦታ ይቆያት። ምንባቡም ቀድሞ የታቀደው ይሁን፤ ለእሷ ተብሎ የተለወጠ መሆኑን ሌሎቹ በአንድ ዓይን ያውቁታልና።